መቀሱና መጥረቢያው

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራ ቦታ በስሜ የጠራኝ ሰው የለም። እናትና አባቴ ያወጡልኝ ደህና ስም አለኝ፤ ደረቴ ላይ በተንጠለጠለው ባጅም ላይ በትልቁ ተጽፏል። ግን በአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከጽዳት ሠራተኛዋ አንስቶ እስከ ላይኛው አለቃ ድረስ የሚያውቀኝ "መጥረቢያዋ" በሚል ነው። የሠራተኞች ሻይ ቤት ስገባ "ለመጥረቢያዋ አንድ ወፍራም ሻይ!" ይባላል። የፈረቃ ዝርዝር ሲለጠፍ አንዱ ቀልደኛ ከስሜ ጎን በእርሳስ መጥረቢያ ስሎ አግኝቼዋለሁ። ባሌ ሳይቀር፣ ስቆጣው፣ "ኧረ መጥረቢያዬ፣ ቀስ!" ይለኛል። ይሄንን ስም ያወጣልኝ አንድ ካፒቴን ነው። እኔ ደግሞ ቂም አልወድም፤ ግን አንዴ ከያዝኩ ያዝኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኔ የሠራተኞች በር ፈታሽ ነኝ። መንገደኛው በዋናው በር ይገባል፤ አብራሪው፣ አስተናጋጇ፣ ቴክኒሻኑ፣ ጽዳቱ ደግሞ በእኔ በር። ክፍሏ ጠባብ ናት። ቦርሳ የሚያሳይ ማሽን፣ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ በር፣ የተደራረቡ የፕላስቲክ ትሪዎች፣ ግድግዳው ላይ የተከለከሉ ዕቃዎች ሥዕል። ከማሽኑ ጎን ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን አለ። የተያዘ ዕቃ እዚያ ይጣላል፤ አንዴ ከተጣለ ለባለቤቱ አይመለስም።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ካፒቴኑ መጣ። ረጅም፣ ጢሙ ተከርክሞ የተስተካከለ፣ ትከሻው ላይ አራት ወርቃማ መስመር ያለው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን "አንተ" ነበር የምለው፤ እዚህም እንደ ሆዴ ነው የማወራው። ቦርሳው በማሽኑ ሲያልፍ መቀስ አየሁ። የጢም መቀስ ናት፣ ጫፏ የሾለ።

"ካፒቴን፣ መቀሷ አታልፍም" አልኩት።

"አንቺ፣ ሥራ ስትጀምሪ አውሮፕላን ውስጥ ምን እንዳለ አልነገሩሽም?"

"ምን አለ?"

"ከወንበሬ ጀርባ መጥረቢያ ተሰቅሏል። እሳት ቢነሳ ተብሎ የተቀመጠ፣ ስለት ያለው መጥረቢያ! መሪው ደግሞ እጄ ላይ ነው። ክፉ ባስብ በዚች መቀስ ምን ላደርግ ነው፣ የሰውን ጢም ልከረክም?"

ከኋላው የተሰለፉት አስተናጋጆች በሳቅ ፈረሱ። አፌ ደረቀ። እጄ ግን አልደረቀም፤ መቀሷን አንስቼ ሳጥኑ ውስጥ ጣልኳት። ኪው ስትል ሰማት። ጫማውን እያጠለቀ ዞር አለና ለሰልፉ፣ "እንግዲህ አንድ መጥረቢያ ውስጥ፣ አንድ መጥረቢያ በር ላይ! በሁለት መጥረቢያ መሀል ነው የምንሠራው ማለት ነው!" አለ። በቃ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ስሙ ማረፊያውን ሁሉ አዳርሶ ሻይ ቤት ጠበቀኝ።

እውነቱን ለመናገር ከስሙ ይልቅ ያንገበገበኝ ጥያቄው ነው። ልክ ነው እኮ! ሰውየው መጥረቢያ ከጀርባው ተሰቅሎለት እኔ ምን ብዬ መቀስ እቀማዋለሁ? ሕግ ነው ብዬ እቀማለሁ፤ ለምን ሕግ ሆነ ብባል ግን የለኝም። ልብስ ሳጥብ አስበዋለሁ፣ አልጋ ሳነጥፍ አስበዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የተማረ ሰው ቢሆን ወዲያው ይመልስለት ነበር እያልኩ እቃጠላለሁ።

በሥራው ስቀጠር ሰማንያ ገጽ የሆነ የፍተሻ ደንብ ሰጥተውኛል። ፊደል እቆጥራለሁ፤ ግን ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ ባንድ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ ከእራት በኋላ እየተቀመጠች ታነብልኝ ነበር። "እማዬ፣ ይሄ እኮ አሰልቺ ነው" ትላለች። "ድገሚው" እላታለሁ። የደንቡን አርባ አንዱንም ክፍል በቃሌ እስክይዝ ድረስ አነበበችልኝ። እሷም ሳታስበው በቃሏ ያዘችው። የአውሮፕላን ነገር ልቧ ውስጥ የገባው ያኔ ይመስለኛል፤ ገጹን ገልጣ "እማዬ፣ ረዳት አብራሪ ማለት ምን የሚሠራ ነው?" ማለት ጀመረች። እኔ ምን አውቄ! "በእኔ በር የሚያልፍ ነው" አልኳት።

ይሄው ዛሬ ራሷ ረዳት አብራሪ ሆናለች። የትልቅ አየር መንገድ ሳይሆን የአንድ ባለሀብት የግል ጄት ናት የምታበረው። ስምንት ሰው የምትይዝ፣ ነጭ፣ ከሩቅ ስትታይ መጫወቻ የምትመስል። የአየር መንገድ አብራሪዎች የግል ጄት አብራሪ ሲያዩ የአውቶቡስ ሾፌር ታክሲ ነጂን እንደሚያየው ነው የሚያዩት። ልጄ ግድ የላትም። የሚያስጨንቃት የሦስት ወር ሙከራዋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ቋሚ የሚያደርጓት።

አንድ ነገር ልግለጽ፤ ያለሱ ቀሪው አይገባም። በትልልቁ አውሮፕላን የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ፣ ከሁለቱ አብራሪዎች ኋላ፣ ግድግዳ ላይ የምትታጠፍ ወንበር አለች። ወደ ሥራው የሚሄድ ወይ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሌላ አብራሪ፣ ቦታ ሲጠፋ፣ እዚያ ተቀምጦ ይሄዳል። ድሮ ለአየር መንገድ አብራሪዎች ብቻ ነበር፤ ከዚህ ዓመት ወዲህ የግል ጄት ድርጅቶችም ተፈራርመው ለነሱም ተፈቅዷል። ግን ወረቀት ብቻውን አያስቀምጥም። ኮፍያን አውልቆ፣ ካፒቴኑ ፊት ቆሞ፣ "ከእርስዎ ጋር መሄድ እችላለሁ?" ብሎ በአፍ መጠየቅ ግድ ነው። የአብራሪዎች ወግ ነው። ካፒቴኑ እሺ ካለ እሺ፣ እምቢ ካለ እምቢ፤ ለምን የሚለው የለም።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ገብቼ ገና ጓንቴን ሳጠልቅ፣ ልጄ ደወለች። ድምጿ ቀጥኗል።

"እማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።"

"ምነው? አመመሽ?"

"አላመመኝም። ጄቷ ትናንት ያለ እኔ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች። የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ ባለቤትየው ድንገት ፕሮግራም ቀየረና ዋናው አብራሪ የራሱን ሚስት ወንድም፣ እሱም አብራሪ ነው፣ በእኔ ቦታ ይዞ ሄደ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤትየውን ይዘው ከዚያ ከተማ ይነሳሉ። እስከዚያ ካልደረስኩ የሚስቱ ወንድም ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። ሙከራዬ ሊያልቅ እኮ ስድስት ቀን ነው የቀረው!"

"በአራት ሰዓቱ በረራ ሂጂያ።"

"ሞልቷል። አንድ ወንበር የለም። ያቺ ታጣፊዋ ብቻ ናት። ወረቀቱን ሰጥተውኛል፤ ካፒቴኑ እሺ ካለኝ እሄዳለሁ።"

"ካፒቴኑ ማነው?"

"አትቆጪም?" አለች።

"ማነው አልኩሽ?"

"ያንቺው ነው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ በናትሽ፣ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አትጣዪው።"

"መቼ ተጣልቼው አውቃለሁ? የምፈትሸው ነው እንጂ።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ።"

"ልጄ መሆንሽን አትንገሪው" አልኳት። "በእኔ ቂም አንቺን እንዳይነካ።"

"እኔም አላሰብኩም" አለች፣ ቶሎ ብላ። እንዲያ ቶሎ ማለቷ ትንሽ ቆጠቆጠኝ፤ ግን ዋጥኩት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ነጭ ሸሚዟ እንደ ወረቀት ተተኩሷል፣ ኮፍያዋ በብብቷ ነው። ደንቡ ዘመድ ዘመዱን አይፈትሽም ይላል። ስለዚህ ለሳቂታዋ ለቀቅኩላትና ግድግዳውን እያየሁ ቆምኩ፤ በኋላ በዓይኗ ጠቀሰቻት የሚል እንዳይመጣ። ሳቂታዋ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ የምትስቅበት ነገር ስታጣ ራሷ ትፈጥራለች።

"እጅሽን ዘርጊ የኔ ቆንጆ" ስትላት ሰማሁ። "ወይ ጉድ፣ እናትሽ እኮ ፊቷን ግድግዳ ላይ እንደተቀጣ ተማሪ አድርጋ ቆማለች!"

"ሥራሽን ሥሪ" አልኳት፣ ሳልዞር።

ልጄ አለፈችና ከመስታወቱ ማዶ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። እዚያ ሆና ካፒቴኑን ትጠብቃለች፣ በእኔም በር የሚሆነውን ሁሉ ታያለች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ካፒቴኑ ከነረዳቱ መጣ። ጢሙ ሸብቷል፤ አረማመዱ ግን ያው ነው። "እንደምን አደርሽ፣ መጥረቢያ" አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ቀበቶውን ሳልነግረው አወለቀ፣ ትሪው ላይ አደረገ። ልጄ በመስታወቱ በኩል ትንፋሿን ስትለቅ አየሁ። እኔም በልቤ፣ በቃ ዛሬ በሰላም ያልፋል፣ አልኩ። ቦርሳው ማሽኑ ውስጥ ገባ።

ላፕቶፕ፣ የተጣጠፈ ሸሚዝ፣ የጆሮ ማዳመጫ። ከሸሚዙ ሥር ደግሞ ብረት፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ። ባንድ በኩል ስለት፣ በሌላው በኩል ሹል፣ አጭር እጀታ።

መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ዓይኔን ጠረግኩ። መጥረቢያ ነው።

ማሽኑን አቆምኩ።

"ካፒቴን፣ ቦርሳዎ ውስጥ ምን አለ?"

"ልብስ።"

"ከልብሱ ሥር?"

ያን ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። "ውይ! እሱ እኮ... የአውሮፕላኑ ነው።"

"ምኑ?"

"ታውቂዋለሽ።"

"ባውቅም በአፍዎ ይንገሩኝ።"

"መጥረቢያ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሳቂታዋ አፏን በጓንቷ ይዛ ወደ ትሪዎቹ ዞረች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረዳቱም ጣሪያውን ያይ ጀመር።

ለካ ጠዋት አውሮፕላኑ ሲመረመር የነባሩ መጥረቢያ እጀታ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። ያለ መጥረቢያ ደግሞ አውሮፕላኑ አይነሳም። ካፒቴኑ በጥገናው ክፍል በኩል ሲያልፍ አዲሱን ሊያመጡ ሲዘጋጁ አገኛቸውና፣ "ወዲህ በሉት፣ ወደዚያው መሄዴ አይደል!" ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ለሱ መጥረቢያ ማለት እንደ ወንበር፣ እንደ መሪ የአውሮፕላን ዕቃ ነው፤ ከጥገናው ክፍልና ከአውሮፕላኑ መሀል እኔ መኖሬን ጭራሽ ረሳው።

"አያልፍም" አልኩ።

"ለምን እንደያዝኩት ነግሬሽ የለ!"

"ሰምቻለሁ። አያልፍም።"

የፈረቃችን አለቃ ጩኸት ሰምቶ መጣ። ልጄን የሚያክል፣ ዲግሪ ያለው፣ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሰው ሲቆጣ ግን ይደነግጣል። "እትዬ፣ ካፒቴን እኮ ናቸው" አለኝ ጆሮዬ ሥር። "ዕቃው ደግሞ ለአውሮፕላኑ ነው። ዝም ብለው ይለፉ በቃ፣ በረራ ዘግይቶ በኛ እንዳይላከክ።"

ይሄን ጊዜ ልጄ አላስቻላትም፤ በመስታወቱ በር ብቅ አለችና፣ "እማዬ፣ እባክሽ..." አለች።

ካፒቴኑ እሷን አየ፣ ኮፍያዋን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ልጅሽ ናት?"

"ናት።"

"ታጣፊ ወንበር የጠየቀችው የግል ጄት አብራሪ እሷ ናት?"

"እሷ ናት።"

ጢሙን ዳሰሰ። "እንዲህ ከሆነማ ምን ያጨቃጭቀናል" አለ፣ ለስለስ ብሎ። "አንቺ የእኔን ታሳልፊያለሽ፤ እኔ ደግሞ ያንቺን ልጅ አሳፍራለሁ። ሁላችንም በሰዓቱ እንሄዳለን።"

አለቃዬ "እሰይ!" ሊል ትንሽ ቀረው። ልጄ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ሁሉንም አየሁት፤ የሦስት ወር ሙከራዋን፣ ስድስቱን ቀን፣ ያንን የሚስቱን ወንድም። አንድ ቁልፍ ብጫን ቦርሳው ወጥቶ ያልፋል። ማንም አይጠይቀኝም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አልዋሽም።

"ካፒቴን" አልኩት፣ "የእኔ ልጅ በፊት ለፊት ጠይቃ ነው የምትገባው፤ እንደ መጥረቢያ በሸሚዝ ተጠቅልላ አትገባም።"

ፊቱ ቀላ። "ደህና! እንግዲህ አውሮፕላኑ ካልተነሳ እሷም አትሄድ፣ መቶ ሠላሳው መንገደኛም አይሄድ!"

"አውሮፕላኑማ ይነሳል። ክፍል አሥራ አራት።"

"ምንድነው ክፍል አሥራ አራት?" አለ አለቃዬ።

ደንቡን እንደ ውዳሴ ነው የማውቀው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አወረድኩት። "ለአውሮፕላን አገልግሎት የሚውል ስለታም ዕቃ በሠራተኛ ቦርሳ አይገባም። የጥገና ክፍል ወረቀት ሲኖረው፣ ፈታሹ ራሱ ተሸክሞ አውሮፕላኑ ድረስ ይወስዳል፣ ተረካቢውን አስፈርሞ ያስረክባል። ይሄው ነው። ጥገና ክፍል ደውልና ወረቀቱን ይዘው ይምጡ በላቸው።"

አለቃዬ ደንቡን ከመሳቢያ አውጥቶ ገለበጠ። ጣቱን መስመሩ ላይ እየጎተተ አነበበ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ቃል በቃል ነው" አለ። ሮጦ ደወለ።

ቴክኒሻኑ ወረቀቱን ይዞ በኤሌክትሪክ ጋሪ እየበረረ መጣ፣ ላቡ በጆሮው ይወርዳል። የርክክብ ፎርሙን ከመሳቢያው ሥር አገኘሁት፤ ማንም ተጠቅሞበት ስለማያውቅ አቧራውን እፍ አልኩት። እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የዕቃው ዓይነት፣ ይላል። ጀመርኩ።

ካፒቴኑ ያለ ቀበቶ ቆሞ ሱሪውን ባንድ እጁ ይዟል። "ስጪኝ፣ እኔ ልጻፍልሽ" አለ።

"አስረካቢው ይሞላል ይላል።"

"ሰዓት እኮ እየሄደ ነው!"

"እኔም እየሄድኩ ነው። ሁለተኛው ፊደል ላይ ደርሻለሁ።"

ሳቂታዋ ከዚህ በኋላ አልቻለችም፤ ወጥታ ኮሪደር ላይ ሳቀች። ድምጿ እስከ ሻይ ቤቱ ተሰማ። ልጄ ግን ከጎኔ መጥታ ቆመች። አላገዘችኝም፣ አላጣደፈችኝምም። "መጥረቢያ፣ አንድ" ብዬ ስጨርስ፣ "ጥሩ ጽፈሻል እማዬ" አለችኝ ቀስ ብላ፤ እኔ ድሮ የቤት ሥራዋን ስታሳየኝ እንደምላት።

ከዚያ መጥረቢያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ ለብሼ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ከፊት እኔ፣ ከኋላ ካፒቴኑና ረዳቱ፣ ከነሱ ኋላ ልጄ። ሻንጣ ጫኞቹ ሥራ አቆሙ። "ኧረ ተመልከቱ! መጥረቢያዋ መጥረቢያ ይዛ መጣች!" አለ አንዱ። "ዛሬ የማን አንገት ነው ተራው?" አለ ሌላው። "የሚለግም ሻንጣ ጫኝ ነው!" አልኩት። ነዳጅ ቀጂው በፉጨት ሸኘን። እኔም አልዋሽም፣ ደረቴን ትንሽ ነፋሁት።

ዘጠኝ ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ሠርቼ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ስወጣ መሰላሉ ከእግሬ ሥር ተወዛወዘ፤ ግን መጥረቢያ ይዞ መንገዳገድ አያምርም ብዬ ቀጥ አልኩ። አስተናጋጇ በሩ ላይ "እንኳን ደህና..." ብላ እጄን ስታይ ቀሪውን ዋጠችው። የአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ስገባ ደነቀኝ። ያን ሁሉ ቁልፍና መብራት የያዘች ክፍል ከኔ ኩሽና ታንሳለች! ካፒቴኑ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ማንጠልጠያ አሳየኝ። ነባሩ ተነስቷል፣ ቦታው ባዶ ነው። ሰቀልኩት። ቀጭ ብሎ ገባ።

ያኔ ነው ደህና አድርጌ ያየሁት። ትንሽ ነገር። ከእጅጌዬ የምታጥር እጀታ። የምድጃ እንጨት እንኳ አትፈልጥም።

"ይቺ ናት?" አልኩት። "ዘጠኝ ዓመት የተሰየምኩት በዚች ነው?"

ረዳቱ ፈነዳ። ካፒቴኑም ከንፈሩን ነከሰ፣ ሳቁን ሊደብቅ።

ፎርሙን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። "አስረካቢ..." አለና ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጮክ ብሎ አነበበው። "ያንቺ ስም ይሄ ነው?"

"ነው። ባጄ ላይም አለ። ዘጠኝ ዓመት ዓይንዎ ሥር ነው ያለው።"

ባጄን አየ። ፈረመ። ሲፈርም እያየሁት፣ ያ ስፈልገው የኖርኩት መልስ ድንገት መጣልኝ። ልብስ ሳጥብ ያልመጣ፣ አልጋ ሳነጥፍ ያልመጣ፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ቆሜ መጣልኝ።

"ካፒቴን፣ ያን ጊዜ የጠየቁኝን አሁን ልመልስልዎ።"

"የቱን?"

"ውስጥ መጥረቢያ እያለኝ መቀሴን ለምን ትወስጃለሽ ያሉኝን። መጥረቢያው ማን እንዳመጣው ይታወቃል፤ የማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሰቀል፣ ማን እንደተረከበው፣ ሁሉም እዚህ ተጽፏል። ይሄው እርስዎም ፈረሙ። መቀስዎን ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቃት የለም። ደግሞ አራት መስመር ያለው ልብስ ለብሶ በእኔ በር የሚመጣው ሁሉ እርስዎ አይደሉም፤ ልብስ ከገበያም ይገዛል። እኔ የምፈትሸው እርስዎን ሳይሆን የሚመጣውን ሰው ነው።"

ፎርሙን እንደገና አንብቦ መለሰልኝ። ረዳቱም ሳቁን አቆመ። የፎርሙን ግልባጭ ቀድጄ ኪሴ ከተትኩና ልወጣ ዞርኩ። ስለ ልጄ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ልናገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ወረቀት አስፈርሞ ወዲያው ውለታ መጠየቅ ያው ቅድም እምቢ ያልኩት ንግድ ነው።

በሩ ላይ ልጄ ቆማለች። ኮፍያዋን በብብቷ ይዛ፣ ቀጥ ብላ።

"ካፒቴን፣ የግል ጄት ረዳት አብራሪ ነኝ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየች። "የእሷ ልጅ ነኝ። ከእርስዎ ጋር መሄድ እችላለሁ?"

ያንን ሳትጠየቅ ተናገረችው። የቆጠቆጠኝ ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣልኝ።

ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቀስ ብሎ ዞረ። "ክፍል አሥራ አራት ምን ይላል?" አላት፣ ፊቱን አኮሳትሮ።

ልጄ አንድ ትንፋሽ ሳበች። "ለአውሮፕላን አገልግሎት የሚውል ስለታም ዕቃ በሠራተኛ ቦርሳ አይገባም..." ጀመረችው፣ እንደ ድሮው ከእራት በኋላ ስታነብልኝ በነበረው ዜማ፣ እስከ መጨረሻው ወረደችው።

"ሁለታችሁም?" አለ ረዳቱ፣ አፉን ከፍቶ።

"ክፍል አሥራ አምስትንም ልቀጥል?" አለች ልጄ።

"አትቀጥዪ! አትቀጥዪ!" ካፒቴኑ ሳቀ፤ ያ ትልቅ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ወንበሯን ዘርጊና ተቀመጪ። ዛሬ መጥረቢያም ከጀርባዬ፣ የመጥረቢያ ልጅም ከጀርባዬ! ከዚህ በላይ ምን ጥበቃ አለ?"

አውሮፕላኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ ተነሳ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሽቅብ አየሁት። ስምንት ሰዓት ላይ መልእክት መጣልኝ፤ ሳቂታዋ አነበበችልኝ፦ "ደርሻለሁ። የሚስቱ ወንድም ወንበሬን ሲለቅ ፊቱን ብታዪው!" በሳምንቱ ቋሚ አደረጓት።

ካፒቴኑ በዘጠነኛው ቀን ወደ እኔ በር ተመለሰ። ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ እንደምን አደሩ አለኝ፤ ከኋላው የተሰለፉት እርስ በርስ ተያዩ። ቀበቶውን አወለቀ፣ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ደረት ኪሱ ውስጥ ገብቶ አንዲት አዲስ የጢም መቀስ አወጣና ትሪው ላይ አስቀመጠ። ከጎኗ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት።

"ይቺስ?" አለኝ፣ ዓይኑ እየሳቀ። "ዛሬ ወረቀት አላት።"

ወረቀቱን ዘረጋሁት። በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ የዕቃው ዓይነት፦ መቀስ። ብዛት፦ አንድ። አገልግሎት፦ ጢም። አስረካቢ፦ እሱ። ተረካቢ፦ እሱ። ከታች ፊርማ። ሰልፉ እስከ ኮሪደሩ ደርሷል፤ አስተናጋጆቹ አንገታቸውን አስረዝመው ያያሉ። እኔ አልቸኮልኩም። ከላይ እስከ ታች፣ ፊደል በፊደል፣ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። ጨረስኩና ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለት።

"የጥገና ክፍል ማህተም የለውም" አልኩት።

መቀሷን አንስቼ ሳጥኑ ውስጥ ጣልኳት።